ጌርሃርድ ዶማክና የ1935 ሁለት ውሁዶች፦ ከኳተርናሪ አሞኒየም ጨዎች ታሪክ

በዐይን ጠብታ ጠርሙስ፣ በቁስል ማጠቢያ ዕቃና የሕክምና ክፍል ወለል በሚወለወልበት ፈሳሽ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ አንድ ስም አለ፤ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ይባላል። ኳተርናሪ አሞኒየም ውሁዶች ከሚባሉት ጨዎች አንዱ ነው። ይህን ውሁድ ከኬሚስቶች መደርደሪያ አውርዶ ለሐኪሞች እጅ ያበቃው ጀርመናዊው ጌርሃርድ ዶማክ ነው። ዶማክ በዓለም ዘንድ የሚታወቀው ግን በዚህ ሥራው አይደለም፤ ስሙ የገነነው ከሰልፋ መድኃኒቶች የመጀመሪያ በሆነው በፕሮንቶሲል ነው። ሁለቱም ሥራዎች የታተሙት በአንድ ዓመት፣ በ1935፣ በአንድ የጀርመን ሳምንታዊ የሕክምና መጽሔት ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው የኖቤል ሽልማት አስገኘለት፤ ሁለተኛው ስለ ሕይወቱ በተጻፉት ታሪኮች ውስጥ ከጥቂት ዐረፍተ ነገር ያለፈ ቦታ እምብዛም አላገኘም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሁለቱ ሥራዎች ተነጣጥለው መነበብ የለባቸውም የሚል ነው። ፕሮንቶሲል በመስታወት ቱቦ ውስጥ ባክቴሪያን የማይገድል፣ በሕያው አካል ውስጥ ግን የሚያድን ነበር። ኳተርናሪ አሞኒየም ጨው በተቃራኒው በቱቦ ውስጥ እጅግ ቀጥኖም የሚገድል፣ ወደ ደም ሊገባ ግን የማይቻል ነበር። ሁለቱን በየቦታቸው ያስቀመጣቸው የአንድ ሰው የምዘና ሥርዓት ነው። እኛ በድኅረ ምረቃ ትምህርታችን አዲስ ውሁድ ቀምረን ፀረ ተሕዋስያን ጠባይ አለው ብለን ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ደረጃም ይኸው ነው።

ዶማክ ኦክቶበር 30 ቀን 1895 በብራንደንቡርግ ግዛት፣ ዛሬ በፖላንድ ወሰን ውስጥ በምትገኘው በላጎቭ ተወለደ። አባቱ መምህር ነበሩ፤ እናቱ ከገበሬ ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ። እስከ 14 ዓመቱ በሶመርፌልድ፣ ቀጥሎም በሲሌሲያ በምትገኘው በሊግኒትስ ከተማ ተምሮ በ1914 ሕክምና ለማጥናት ወደ ኪል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ትምህርቱን ሳይጀማምር ጦርነቱ ፈነዳና በፈቃደኝነት ዘመተ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ቆሰለ፤ ካገገመም በኋላ ወደ ሕክምና ክፍል ተዛውሮ በሩሲያ ግንባር በነበሩ የኮሌራ ሆስፒታሎች ሳይቀር አገለገለ።

በዚያ ያየው ነገር ለኋለኛው ሥራው መነሻ ሆነ። ሐኪሞች በኮሌራ፣ በተስቦና በተቅማጥ ፊት እጃቸውን አጣምረው ይቆሙ ነበር። ቀዶ ሕክምናም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ተስፋ አልሰጠም፤ እግሩ ተቆርጦ ከሞት ተረፈ የተባለው ወታደር ከጥቂት ቀናት በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ወይም ጋዝ ጋንግሪን ይዞት ይሞት ነበር። ቢላዋው ሥራውን በሚገባ ቢሠራም ዐይን የማያየው ተሕዋስ ሁሉን ያፈርሰዋል። ከዚህ ትዝታ ሁለት ጥያቄዎች ይወጣሉ። አንዱ፣ ወደ ሰውነት የገባውን ባክቴሪያ በደም በኩል ተከታትሎ የሚያጠፋ ነገር ይገኝ ይሆን የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ባክቴሪያው ከሐኪሙ እጅ፣ ከቢላዋውና ከቆዳው ላይ ሳይነሣ አስቀድሞ ሊጠፋ ይችላልን የሚል ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ዶማክን የሚያስታውሱት በፊተኛው ጥያቄ ብቻ ነው።

ከጦርነቱ ተመልሶ ትምህርቱን በ1921 ፈጸመ። ቀጥሎ በግራይፍስቫልድ፣ ከ1925 ጀምሮም በሙንስተር ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ መምህር ሆነ። በዚያው ዓመት ገርትሩድ ሽትሩበን አግብቶ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በግራይፍስቫልድ ሳለ የሠራው ጥናት አይጦች በደማቸው የገባውን ባክቴሪያ በጉበታቸው ሕዋሳት አማካይነት እንዴት እንደሚውጡ የሚመረምር ነበር። ይህ ጥናት በኢ.ጌ. ፋርበን ኩባንያ የኤልበርፌልድ የመድኃኒት ምርምር ኃላፊ የነበረውን የሄንሪሽ ሆርላይንን ትኩረት ሳበ። ዶማክም በ1927 ከዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ወስዶ ወደ ኤልበርፌልድ ሄደ፤ የሥራ ዘመኑንም በዚያው አሳለፈ።

በኤልበርፌልድ የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነበር። ኬሚስቶቹ ፍሪትስ ሚችና ዮሴፍ ክላረር ውሁዶችን ይቀምራሉ፤ ዶማክ ይመዝናል። የምዘናው ሥርዓት ቀላል ቢመስልም ጨካኝ ነበር። እጅግ ገዳይ የሆነ ስትሬፕቶኮከስ ተመርጦ፣ ያልታከመ አይጥ በእርግጥ እንዲሞት በሚያደርግ መጠን በአይጦች ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ለግማሾቹ ውሁዱ ይሰጣል፣ ለሌሎቹ አይሰጥም። በመስታወት ቱቦ የተደረገው ፈተና ጎን ለጎን ቢመዘገብም ማጣሪያ ወንፊት እንዲሆን አልተፈቀደም። በቱቦ ውስጥ ምንም ያላሳየ ውሁድ ወደ አይጥ ሳይደርስ አይጣልም ነበር። በዘመኑ ይህ ከብክነት የሚቆጠር ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም ከብክነት በቀር ያፈራው ነገር እምብዛም አልነበረም።

በዲሴምበር 1932 ክላረር የሰልፎናሚድ ክፍል ያለበትን አንድ ቀይ ማቅለሚያ ቀምሮ አቀረበ። ዶማክ 26 አይጦችን በስትሬፕቶኮከስ በከለ። ውሁዱ ያልተሰጣቸው 14ቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቱ፤ የታከሙት 12ቱ ተረፉ። ኩባንያው በዚያው ወር የባለቤትነት መብት ጥያቄውን አስገባ፤ ጽሑፉ ግን የታተመው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 1935 ነበር። ይህ መዘግየት እስካሁን ያከራክራል፤ የጸሐፊው አስተያየት ከተጠየቀ፣ ለሕክምና ማስረጃ መሰብሰቢያ የሚሆን ጊዜ እንደ ነበረ ባይካድም ከንግድ ስሌት የጸዳ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

በዚያው ዓመት በፓሪስ የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች የምስጢሩን መፍቻ አገኙ። ቀዩ ማቅለሚያ በሰውነት ውስጥ ለሁለት ይሰበራል፤ መድኃኒቱ ቀለሙ ሳይሆን ከስብርባሪው አንዱ የሆነው ሰልፋኒላሚድ ነው። ሰልፋኒላሚድ ደግሞ ፓውል ጌልሞ የተባለ ኬሚስት በ1908 የቀመረው፣ የባለቤትነት መብቱ ያበቃ ተራ ውሁድ ነበር። ለ27 ዓመታት ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ማንም ሐኪም አልጠየቀውም። ፕሮንቶሲል በመስታወት ቱቦ ውስጥ ዝም ያለበት ምክንያትም በዚህ ታወቀ፤ ቱቦው ውስጥ የሚሰብረው አካል የለም። ዶማክ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሰዎች በቱቦ ፈተና ጀምሮ በቱቦ ፈተና ቢወስን ኖሮ ቀዩ ዱቄት ከሌሎች መቶዎች ጋር ይጣል ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ውሁድ እንመለስ። ኳተርናሪ አሞኒየም ጨዎችን ዶማክ አልፈጠራቸውም። አውጉስት ቪልሄልም ፎን ሆፍማን በ1850ዎቹ መጀመሪያ የአሞኒያን ሃይድሮጅኖች በተራ በካርቦን ሰንሰለቶች እየተካ አራት ክንድ ያለው ናይትሮጅን ድረስ ሄዶ ነበር። ሩሲያዊው ኒኮላይ ሜንሹትኪን በ1890 ሦስት ክንድ ያለው አሚን ከአልኪል ሃላይድ ጋር ተዋህዶ አራተኛውን ክንድ የሚያበቅልበትን ሂደት ፍጥነት በተለያዩ ማሟሚያዎች ውስጥ አጥንቶ ስሙን ለሂደቱ አተረፈ። በ1915 እና በ1916 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ዎልተር ጃኮብስና ማይክል ሃይደልበርገር የሄክሳሜቲሊን ቴትራሚን ኳተርናሪ ጨዎችን ቀምረው ባክቴሪያ የመግደል ኃይላቸውን አሳዩ። ስለዚህ ቅመራውም ሆነ የመግደል ወሬው ከዶማክ በፊት ነበረ። ያልነበረው ነገር፣ ከሞለኪውሉ ክፍሎች ኃይሉን የሚወስነው የትኛው እንደ ሆነ ማወቅና ውሁዱ በሕክምና ውስጥ የት ቦታ እንደሚገባው መለየት ነበር።

ዶማክ በ1935 ያሳየው ይህንኑ ነው። ከናይትሮጅኑ አራት ክንዶች አንዱ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ሲሆን የመግደል ኃይሉ እጅግ ይጨምራል። ያቀረበው ውሁድ ሁለት ሜቲል፣ አንድ ቤንዚልና ከ8 እስከ 18 ካርቦን የሚደርስ ርዝመት ያላቸው አልኪል ሰንሰለቶች ቅይጥ ያለበት ክሎራይድ ሲሆን ዚፊሮል በሚል ስም ለገበያ ወጣ። ዛሬ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የምንለው ይኸው ነው። ቅመራው ለማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ የሚከብድ አይደለም፤ አልኪል ዳይሜቲል አሚን ከቤንዚል ክሎራይድ ጋር ተቀላቅሎ ሲሞቅ ናይትሮጅኑ ነጻ የኤሌክትሮን ጥንዱን ለቤንዚሉ ካርቦን ይሰጣል፣ ክሎሪኑ አየን ሆኖ ይለያል፣ ጨው ይፈጠራል። የሚወገድ ትርፍ ውጤት የለም።

ውሁዱ ለምን እንደሚገድል ዛሬ ከዶማክ ዘመን በተሻለ እናውቃለን። ናይትሮጅኑ አራት የካርቦን ክንዶች ስላሉት ቋሚ ፖዘቲቭ ሙል ይይዛል፤ ፈሳሹ አሲድም ሆነ ቤዝ ሙሉ አይጠፋም። የባክቴሪያ ገጽ ደግሞ በአብዛኛው ኔጌቲቭ ሙል አለው። ስለዚህ ውሁዱ በራሱ ስበት ገጹ ላይ ይለጠፋል፤ ረጅሙ ጅራት ቅባት ወዳለበት የሕዋስ ገለፈት ይሰርጋል፤ ገለፈቱ ይላላል፤ ፖታሲየምና ሌሎች የውስጥ ንጥረ ነገሮች ይፈስሳሉ፤ ሕዋሱ ይሞታል። ጅራቱ አጭር ሲሆን ወደ ገለፈቱ አይዘልቅም፤ ከልክ በላይ ሲረዝም ደግሞ በውሃ ውስጥ መሟሟቱ ይቀንሳል፣ እርስ በርሱም ይሰባሰባል። በቤንዛልኮኒየም ቤተሰብ ከ12 እስከ 16 ካርቦን ያሉት ጅራቶች ከሁሉ የበለጠ ኃይል የሚያሳዩት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ውሁዱ ለምን መርፌ ሊሆን እንደማይችል ይገባናል፤ የቀይ ደም ሕዋስም ገለፈት አለውና።

በዘመኑ የቀዶ ሐኪሞች እጃቸውን የሚያጸዱት ቆዳን በሚያቃጥል ፌኖልና መርዛማ በሆነ የሜርኩሪ ጨው ሳይቀር ነበር። ዚፊሮል ሽታ የሌለው፣ በአግባቡ ሲቀጥን ቆዳ የማይልጥ፣ ብረት ላይም እንደ ሜርኩሪ ጨው የማይከፋ ነበር። በሩሲያ ግንባር ለተነሣው ሁለተኛ ጥያቄ ሙሉ ባይሆንም በእጅ የሚያዝ መልስ ተገኘ። በአገራችን ጤና ተቋማት የሚታወቀው ሳቭሎን ውስጥ ከክሎርሄክሲዲን ጋር ያለው ሴትሪማይድ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በየቤቱ የሚገኘው በረኪና ግን የክሎሪን ውህድ በመሆኑ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር በተማሪዎች ዘንድ ሳይቀር ይታያል።

ድክመቱም ቀስ በቀስ ታወቀ። ሳሙና ኔጌቲቭ ሙል ያለው ስለ ሆነ ከውሁዱ ጋር ተጣምሮ ያመክነዋል፤ በሳሙና ታጥቦ በሚገባ ያልተለቀለቀ እጅ ላይ የፈሰሰ ኳተርናሪ ጨው ለስሙ ያህል ነው። ደም፣ መግልና የጨው ብዛት ያለበት ውሃ ኃይሉን ይቀንሱታል። ጥጥና ፋሻ ውሁዱን ይመጥጡታል። የባክቴሪያ ስፖሮችን አይገድልም። ሱዶሞናስ የተባሉት ባክቴሪያዎችማ በቀጠነ የቤንዛልኮኒየም ፈሳሽ ውስጥ ሲያድጉ ተገኝተው፣ ማጽጃው ራሱ የበሽታ መተላለፊያ የሆነበት ጊዜ ነበር። በኋላም ስታፊሎኮከስ ውሁዱን ከሕዋሱ ወደ ውጭ የሚገፉ ፓምፖችን የሚሠሩ ዘረ መሎች እንዳሉት ታወቀ።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የምዘናው ስሕተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለ ኳተርናሪ ጨዎች የተነገረው ኃይል የተጋነነ ነበር። ምክንያቱም ውሁዱ ከባክቴሪያው ጋር ተለጥፎ ወደ አዲሱ ምግብ አብሮ ስለሚሻገር፣ የታገደው ባክቴሪያ የሞተ ይመስል ነበር። ሌሲቲንን የመሰለ አምካኝ ሲጨመር ብዙው ሙት ተነሣ። በአጋር ላይ የሚደረገው የክብ ልኬትም ከዚህ የተሻለ ታማኝ አይደለም፤ ፖዘቲቭ ሙል ያለው ሞለኪውል ከአጋሩ ጋር ስለሚያያዝ፣ ጅራቱ በረዘመ ቁጥርም ስለሚንቀራፈፍ፣ ብርቱ ውሁድ ጠባብ ክብ ሊሰጥ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመጀመሪያ የሙከራ ዙሩ ባለ 16 ካርቦኑን ውሁድ ከባለ 12ቱ ደካማ ነው ብሎ መዝግቦ፣ ያንኑ በፈሳሽ ምግብ ውስጥ ደግሞ ሲለካ ሰንጠረዡን በሙሉ ለመሰረዝ ተገድዷል። ሁለት ወር የፈጀ ሰንጠረዥ ነበር።

ወደ ዶማክ ሕይወት ስንመለስ፣ 1935 በቤቱም የከበደ ዓመት ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ትንሿ ልጁ ሂልዴጋርድ መርፌ በእጇ ይዛ ከደረጃ ወደቀች። መርፌው እጇ ውስጥ ገባ፤ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ደጋግሞ ቢከፈትም መርዙ ወደ ክንዷ ወጣ። ክንዷን የመቁረጥ ነገር ተነሣ። ዶማክ በጦርነቱ ከክንድና ከእግር መቆረጥ በኋላ የሚመጣውን ያውቀዋል። ፕሮንቶሲልን ከቤተ ሙከራው አምጥቶ ሰጣት፤ ልጅቱ ዳነች፣ ክንዷም ተረፈ። በዚያ ቤት ውስጥ ቁስሉን የሚያጥብበት ዚፊሮልም እንደማይጠፋ መገመት ይቻላል፤ ነገር ግን ቆዳ ላይ የሚቀር ውሁድ ወደ ደም የዘለቀውን ስትሬፕቶኮከስ አይከተለውም። በቀጣዩ ዓመት በለንደን ሌናርድ ኮልብሩክ በወሊድ ትኩሳት የተያዙ 38 እናቶችን በፕሮንቶሲል አክሞ ከሦስቱ በቀር ሁሉም ሲተርፉ የመድኃኒቱ ዝና ከጀርመን ወሰን አለፈ።

በኦክቶበር 1939 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለዶማክ ተሰጠ። የሰላም ሽልማቱ የናዚን መንግሥት ለተቃወመው ለካርል ፎን ኦሲትስኪ ከተሰጠ ወዲህ ሂትለር ጀርመናውያን የኖቤል ሽልማት እንዳይቀበሉ ከልክሎ ነበር። ዶማክ ለስዊድን የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ። ጥቂት ቆይቶ ጌስታፖ ከቤቱ ወስዶ ለአንድ ሳምንት ያህል አሰረው፤ ከተለቀቀም በኋላ ሽልማቱን እምቢ የሚል ደብዳቤ እንዲፈርም ተገደደ። በ1947 ወደ ስቶክሆልም ሄዶ ዲፕሎማውንና ሜዳሊያውን ተቀበለ፤ ገንዘቡ ግን በደንቡ መሠረት ጊዜው አልፎበት ስለ ነበር አልተከፈለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሳይነገሩ መታለፍ የለባቸውም። ቀዩን ማቅለሚያ የቀመረው ክላረርና ከእርሱ ጋር የሠራው ሚች ከሽልማቱ አልተካፈሉም፤ መዛኙ ተሸለመ፣ ቀማሪዎቹ ቀሩ። የቅመራ ኬሚስትሪ የምንማር ሰዎች ይህ ቅር ቢያሰኘን አይፈረድብንም፤ ይሁን እንጂ የጌልሞ ሰልፋኒላሚድ ለ27 ዓመታት መዛኝ አጥቶ መቀመጡን ስናስብ የዳኞቹ ውሳኔ ያለ ምክንያት እንዳልነበረ መቀበል አለብን። ሁለተኛው፣ ዶማክ የሠራበት ኩባንያ በጦርነቱ ዘመን በአውሽቪትስ አጠገብ በእስረኞች የግዳጅ ጉልበት ፋብሪካ ያስገነባ ድርጅት ነው። ዶማክ በኤልበርፌልድ በቤተ ሙከራው ቆየ። በእርሱ ላይ የተመሠረተ ክስ የለም፤ ነገር ግን የሥራ ቤቱን ስም ከዚህ ታሪክ ነጥሎ መጻፍ አይቻልም። ጦርነቱ ለእርሱም አልራራም፤ እናቱ በ1945 ከሶመርፌልድ ቤታቸው ተባረው በስደተኞች ሰፈር በረኃብ ሞቱ።

ከጦርነቱ በኋላ ፊቱን ወደ ሳንባ ነቀርሳ አዞረ። ከእርሱ ምዘና ከወጡት ውሁዶች አንዱ ታያሴታዞን ነው፤ በአገራችንም በረጅሙ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከኢሶናያዚድ ጋር ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። ኢሶናያዚድም በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከነበሩ ሁለት የምርምር ቡድኖች ጋር በተመሳሳይ ጊዜ የደረሰበት መድኃኒት ነው። በ1959 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል አድርጎ መረጠው። በመጨረሻ ዓመታቱ ነቀርሳ ዕጢን በኬሚካል ስለ ማከም ሲመራመር ቆይቶ ኤፕሪል 24 ቀን 1964 በጥቁር ደን አካባቢ በምትገኘው በቡርግቤርግ ዐረፈ። በዚያ ጊዜ ፕሮንቶሲል በፔኒሲሊንና በአዳዲስ ሰልፋ መድኃኒቶች ተተክቶ ከሐኪሞች ማዘዣ ወጥቶ ነበር። ዚፊሮል ግን በጠርሙሱ እንዳለ በየሆስፒታሉ የእጅ መታጠቢያ አጠገብ ቆሞ ነበር።